ሰው አልሞተም፤ ጋሽ ቶማ ናቸው

ጋሽ ቶማን ለማመስገን ተማሪዎቻቸው ባሳተሙት ትንሽ መጽሔት፣ አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ፣ በትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳክስፎን የነፋው ተማሪ ዳዊት ነው ተብሎ ተጽፏል። መንፋቱን ነፍቷል፤ ቆሜ አይቻለሁ። ተራው ግን የኔ ነበር። በሁሉም ፊት በተነገረ ሕግ ተወዳድሬ፣ አሸንፌ ያገኘሁት ተራ ነው። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ወስደው ለእሱ ሰጡት፤ ለምን እንደሆነም ያኔ የነገረኝ የለም። እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው።

የሰፈሩ ሰው ይስቅብኛል። አንቺ ሴትዮ፣ የልጅ ልጅ አይተሽ ስለ አንድ የትምህርት ቤት ዘፈን ትከራከሪያለሽ ወይ ይሉኛል። አዎ፣ እከራከራለሁ። እኔም ልጄም በጊዜ ስለወለድን አያት ሆንኩ እንጂ ገና የሚያስረሳ ዕድሜ ላይ አልደረስኩም። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የሆነውን እንደሆነ ለመጻፍ ግን ስድስተኛ ክፍል ይበቃል።

መጽሔቱን ያመጣችልኝ የልጅ ልጄ ቤቴል ናት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ክላርኔት እየተማረች ነው። የክላርኔቱን ሪድ፣ ያቺን አፍ ላይ የምትታሰር ስስ የሸምበቆ ምላስ፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክራ ጠረጴዛው ላይ ትታት ሄደች። ብርጭቆውን ላጥብ ሳነሳው ሸተተኝ። ከረጠበ ሸምበቆና ከምራቅ በቀር ሌላ ነገር የለበትም። እኔ ግን ተቀመጥኩ፤ ብርጭቆውንም በእጄ እንደያዝኩ የአራተኛ ክፍል ዓመቴ መጣብኝ።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው። የፈረሰው ጦር ሰዎች በየጊዜው ሶዶ አውቶቡስ መናኸሪያ ይወርዱ ነበር። እኛ ልጆች ማን እንደመጣ ለማየት አጥሩ ላይ እንንጠለጠላለን። አንድ ቀን መጀመሪያ አንድ እግር የሌለው ወታደር በክራንች ወረደ፤ ወደ ሁምቦ የሚሄድ ነው አሉ። ቀጥሎ ረጅም ቀጭን ሰው ወረደ። የለበሰው የወታደር ካፖርት ነው፤ በክንዱ ያቀፈው ደግሞ ጥቁር ሳጥን ነው፤ ሳጥኑ ከላይ ቀጭን ሆኖ ከታች ወፈር ብሎ ይታጠፋል። እኔ ሳጥኑን አየሁ፣ ባለ ክራንቹን አየሁ፤ እግሩ እዚያ ውስጥ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ሰውየው ወደ ሁምቦ ሲሄድ ይህኛው ለምን እግሩን አይሰጠውም? ማታ ለአባቴ ስነግረው ከሚሰፋው ሱሪ ላይ ቀና ብሎ ሳቀ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሰውየው የጎረቤታችን ልጅ ቶማ እንደሆነ፣ ልጅ ሳለ ለሠራዊቱ ሙዚቃ ክፍል ተመልምሎ አዲስ አበባ እንደሄደ፣ አሁን ክፍሉ ሲበተን ወደ እናቱ እንደተመለሰ ነገረኝ። ስለ እግሩ ግን እስከ ማግሥቱ አላመንኩትም።

በማግሥቱ ጠዋት ጉሙ ከዳሞታ ተራራ ገና ሳይነሳ፣ ከእንሰታችን ማዶ ካለው ግቢ አንድ ድምፅ ወጣ። ወፍራም ነው፤ ይረዝማል፤ እየወረደ ወርዶ መሬት ሊነካ ሲል መልሶ ይነሳል። እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ረጅም ጥሩንባ ይነፋል፤ ያንን የሰማ ሰው ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ስለዚህ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ገና ከእንሰቱ ሥር እያለቀሱ ወደ ጋሽ ቶማ እናት ግቢ ገቡ። እናቲቱ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ለቀስተኛውን ሲያዩ እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ፤ ማን እንደሞተባቸው ግን አያውቁም።

ጋሽ ቶማ ሳጥኑ ውስጥ የነበረውን ወርቃማ ነገር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወጡ። እግር አልነበረም።

የሰፈራችን ትልቅ ሴት እማማ ባሎቴ እንባቸውን ጠርገው ማን ነው የሞተው ብለው ጠየቁ።

«ኧረ ሰው አልሞተም፣ እማማ። ጃዝ ነው» አሉ ጋሽ ቶማ።

እማማ ባሎቴ ትንሽ አሰቡና፣ «ጃዝ የማን ልጅ ነው?» አሏቸው።

ለቅሶ የመጣ ሰው ባዶውን አይመለስም፤ ስለዚህ ቦዬ የሚባለው ሥራሥር ተቀቀለ፣ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ ጋር ቀረበ፣ ሁሉም ተቀምጦ በላ። እየበሉም ፈረዱ። ሽማግሌዎቹ ቶማ ይንፋ፣ ሥራው ነው፤ ነገር ግን እኛን በየጠዋቱ በእንባ ማስነሳት አይችልም፤ ከመንፋቱ በፊት ለየቤቱ ይነገር አሉ። ማን ይናገር ሲባል እማማ ባሎቴ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። የልብስ ሰፊው ልጅ ምላሷ አያርፍም፣ ቢያንስ ለሥራ ይዋል አሉ።

የዚያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ተጀመረ። በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት አሥራ ሰባት ግቢ እዞራለሁ። በወላይትኛ ነው የምጮኸው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ያው «ሰው አልሞተም፤ ጋሽ ቶማ ናቸው» ነው። አንዳንዱ እሰይ ይላል። አንዳንዱ ከብርድ ልብሱ ሳይወጣ ምነው ጋሽ ቶማን ምን ነካቸው ብሎ ይቀልዳል። ጤፍ ነጋዴው በየቀኑ ሳያሰልስ፣ እርግጠኛ ነሽ፣ እስቲ ሂጂና ደግመሽ እይ ይለኛል። የተቀቀለ በቆሎ የሚሰጡኝም ነበሩ። ጤዛው እግሬን እስከ ጉልበቴ ያረጥበዋል። አሥራ ሰባተኛውን ግቢ ስጨርስ ከኋላዬ ሳክስፎኑ ይጀምራል፤ እኔ ቀድሜ ካልተናገርኩ ድምፁ የማይወጣ ይመስለኝ ነበር።

በሳምንቱ ጋሽ ቶማ ዘንድ ሄጄ በከንቱ አልዞርም አልኳቸው። ምን ትፈልጊያለሽ አሉኝ። መንፋት እፈልጋለሁ አልኩ። አልሳቁም። ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ እጃቸውን ከተው አንዲት የተሰነጠቀች ሪድ አወጡና የቀረቻቸው ይቺ ብቻ እንደሆነች፣ አዲስ አበባ እንኳ እንደማይገኝ፣ ያለ እሷ ሳክስፎን የቧንቧ እቃ ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። መንፋት የሚፈልግ መጀመሪያ ሪድ ይሠራል አሉ።

ከሰፈራችን በታች ከዳሞታ የሚወርደው ጅረት ዳር ሸምበቆ ሞልቷል። እርጥቡ አይሆንም፤ ደርቆ ቢጫ የሆነውን፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበትን እቆርጣለሁ። እሱንም እናቴ ማዕድ ቤት ከእሳቱ በላይ ባለው ቆጥ ላይ አኑሬ በጭስ አደርቀዋለሁ። ከዚያ በመሐል ጣቴ ቁመት እቆርጥና ለአራት እሰነጥቀዋለሁ። ሆዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሸዋ ነስንሼ አሻለሁ። ጫፉን ማሳሳት ነው ከባዱ፤ በምላጭና በጠርሙስ ስባሪ ቀስ እየተባለ ይፋቃል። ወደ ብርሃን ሲያዩት ጫፉ እንደ ጥፍር ብርሃን ማሳለፍ አለበት። መፋቁ ትንሽ ከበዛ እንደ በግ ይጮኻል፣ ትንሽ ካነሰ ትንፋሽ ብቻ ያወጣል። አሥራ ዘጠኝ አበላሸሁ። ሃያኛዋን ጋሽ ቶማ አፋቸው ውስጥ አርጥበው አሰሯትና ነፉ። ሲጨርሱ ከአፋቸው አውጥተው አሸተቷት። ጭስ ጭስ ትላለች፣ ግን ትናገራለች አሉ።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት እዚያው ነበርኩ። እሳቸው በመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ የሳክስፎኑን የላሉ ቁልፎች እያሰሩ፣ እኔ ሸምበቆ እየፋቅሁ፣ ሕይወታቸውን ያወሩልኛል። ቀን በሰልፍ ማርሽ ይነፉ ነበር፤ ማታ ዩኒፎርሙን ቀይረው ሆቴል ውስጥ ለሚጨፍሩ ሰዎች ጃዝ። ቴአትር ቤት ከመጋረጃ ፊት ተቀምጠው፣ መድረክ ላይ የሚያለቅሱ ተዋናይ ሴቶችን በሳክስፎን ያጅቡ ነበር። ሶዶ ከመጡ በኋላም አልመረጡም። ቅዳሜ ቦምቤ ድረስ ሄደው ሠርግ ይነፋሉ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ ሰኞ ደግሞ እኛ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። ያ ሁሉ ከአንድ ዕቃ እንዴት ይወጣል ብዬ ውስጡን በአንድ ዓይኔ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጃዝ ምን እንደሆነም ጠየቅኋቸው። ዜማውን ሁሉም ያውቀዋል፣ አብረው ይጀምሩታል፤ ከዚያ አንዱ ተራው ሲደርስ የራሱን ይናገራል፣ ሌሎቹ ዝቅ ብለው ይጠብቁታል፤ ሲጨርስ ለሚቀጥለው ይለቃል አሉኝ። ገባኝ። ልክ እንደ ቦኖ ውሃ ወረፋ ነው። እንስራሽን ይዘሽ ትጠብቂያለሽ፣ ተራሽ ሲደርስ ማንም አይገፋሽም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጃዝን ወደድኩት፤ ወረፋ ያለው ሌላ ሙዚቃ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን አብረን ገበያ ስንሄድ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ካሴት ይሰማል። ጋሽ ቶማ ቆሙ። ዘፋኟ ዝም አለችና ሳክስፎን ገባ። ይሄ እኔ ነኝ አሉኝ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደሚያፍር ሰው። እኔ ሮጬ ገባሁና የካሴቱን ሽፋን አሳዩኝ አልኩ። የዘፋኟ ስም አለ፣ የሙዚቃ ቤቱ ስም አለ፣ ፎቶዋን ያነሳው ሰው ስም ሳይቀር አለ፤ ቶማ የሚል ግን የለም። ለባለ ሻይ ቤቱ ይህን የነፉት ውጭ የቆሙት ሰውዬ ናቸው ብዬ ተከራከርኩ። ያ በአረጀ ካፖርት የቆመው ሰውዬ ነው ወይ ብሎ በሻዩ ትን እስኪለው ሳቀብኝ። ጋሽ ቶማ እጄን ይዘው አወጡኝ።

«ተይው፣ ዘኑ። የነፋሁት ይሰማ የለ?»

አይበቃም አልኳቸው። ያን ጊዜም አይበቃም ነው ያልኩት።

ጋሽ ቶማ ከመምጣታቸው በፊት ትምህርት ቤታችን ውስጥ ሙዚቃ የሚባል ነገር አልነበረም። የድሮው የቀበሌ ኪነት ቡድን ሲፈርስ መጋዘን ውስጥ የተጣለ ዕቃ ነበር፤ ጋሽ ቶማ ለምነው አስወጡት። ሁለት የተጨረማመቱ ትራምፔቶች፣ አንድ ክላርኔት፣ ቆዳው የተቀደደ ከበሮ። እኛ ከሃያ እንበልጣለን። ስለዚህ መጀመሪያ ያስተማሩን ያለ ዕቃ መንፋት ነው። እያንዳንዳችን ቁራጭ ወረቀት ግድግዳ ላይ አድርገን፣ እጃችንን ለቀን፣ በትንፋሻችን ብቻ እንዳይወድቅ እንይዘዋለን። በመስኮት ያየ ሰው ትምህርት ቤቱ አበደ ሳይል አልቀረም። ኖታ ሲያስተምሩን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አምስት መስመር ያሰምራሉ፤ እኔ የስልክ ሽቦ ላይ የተቀመጡ ወፎች አድርጌ ነው የተማርኩት፣ እስከ ዛሬም እንደዚያ ነው የማየው። የሚሳሳተውን አይቆጡም። በእግራቸው እየመቱ፣ የት ላይ ጠፋህ፣ ተመለስና እዚያው ጠብቀን ይሉታል።

የካቲት ላይ ሕጉን ተናገሩ። በሰኔ ለወላጆች ቀን አንድ ተማሪ የእሳቸውን ሳክስፎን ይነፋል። ማን እንደሆነ የሚወስነው ትንፋሽ ነው። አንድ ድምፅ ሳያንቀጠቅጥ ለረጅም ጊዜ የያዘ ተራውን ይወስዳል። ሁሉም ሰማ። ዳይሬክተሩም በር ላይ ቆሞ ሰማ። ጋሽ ቶማን አንቱ እላለሁ፤ ዳይሬክተሩን ግን አንተ ነው የምለው፤ ይህም ይመዝገብ።

ውድድሩ ዓርብ ከሰዓት ነበር። የሳክስፎኑ ማንገቻ ስለሚረዝምብኝ ጋሽ ቶማ ሁለት ጊዜ ቋጠሩልኝ። ከኔ በፊት የዳይሬክተሩ ልጅ ዳዊት ሃያ ስድስት ድረስ ያዘ። ጎበዝ ልጅ ነበር፤ እሱ ምንም አልበደለኝም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አሥራ ሰባቱን ግቢ መዞር ጀመርኩ። በየበሩ አንድ ቁጥር። አንዴ ዞሬ ስጨርስ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ክፍሉ ሁሉ እየጮኸ ይቆጥራል፣ ዳዊትም አብሮ ይቆጥራል። ሠላሳ አራት ላይ ትንፋሼ አለቀ። ሁለት ዙር ሙሉ ማለት ነው። ጋሽ ቶማ ጠመኔ አንስተው ሰሌዳው ላይ ዘነበች ብለው ጻፉ። ስሜ በሌላ ሰው እጅ በትልቁ ተጽፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

እናቴ ሴት ልጅ ጥሩንባ ስትነፋ የት አየሽ ብላ ተቆጣች። አባቴ ግን ከሰው ልብስ የተረፈ ነጭ ጨርቅ አውጥቶ ትከሻዬን ለካኝ።

ሚያዝያ ላይ የሆነውን አሁን መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ለብዙ ዓመት የበደሉ መነሻ ይህ ነው ብዬ አምን ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ጠዋት እንደ ልማዴ ዞርኩ፤ በጭቃው ምክንያት ወደ ታችኛዎቹ ሦስት ግቢዎች አልወረድኩም፣ ከላይ ሆኜ ነው የጮኽኩት። ሰው አልሞተም አልኩ። ወዲያው ድምፁ ተሰማ፤ ረጅም፣ ወፍራም። ሰዎች ዛሬ ቶማ በርትቷል እያሉ ወደ ብርድ ልብሳቸው ተመለሱ። እኔም ቤታችን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን ከጭቃ እያጸዳሁ አዳምጥ ነበር። ዛሬ ምነው ቁልፎቹን አይነኳቸውም እያልኩ።

ከዚያ ጋሽ ቶማ በእንሰቱ መሐል ብቅ አሉ። ጺማቸው ግማሹ ተላጭቷል፣ ግማሹ ላይ ሳሙና አለ። በእጃቸው ምላጭ እንጂ ሳክስፎን አልያዙም።

«ዘኑ» አሉኝ፣ «እኔ አይደለሁም እኮ።»

ከታች፣ እኔ ካልወረድኩባቸው ግቢዎች በአንዱ፣ የዳይሬክተሩ አባት ሞተዋል። ቤተሰቡ ጥሩንባውን ያስነፋል፣ ይጠብቃል፣ ያስነፋል፤ የሚመጣ ሰው የለም። የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ሮጥኩ። በየበሩ እየቆምኩ ሰው ሞቷል፣ ጋሽ ቶማ አይደሉም እያልኩ ጮኽኩ። ጤፍ ነጋዴው ከውስጥ ሆኖ፣ እርግጠኛ ነሽ፣ ደግመሽ እይ አለኝ። አለቀስኩ። ለቅሶዬን ሲሰማ ነው የወጣው። ሰዉ ለቅሶ ቤት ተሰብስቦ የደረሰው ፀሐይ ከወጣች ብዙ ቆይታ ነው። እማማ ባሎቴ መሬት ላይ ወድቀው ይቅርታ ጠየቁ።

ጋሽ ቶማ ጺማቸውን ሳይጨርሱ ሳክስፎኑን ይዘው መጡ። ጥሩንባ ነፊዎቹን ጎንበስ ብለው አስፈቀዱና ከኋላቸው ቆሙ። እኔ እንሰት ቅጠል ሥር ተደብቄ ነበር። እነሱ ሲነፉ ጋሽ ቶማ ከእነሱ ድምፅ በታች ገብተው አንድ ድምፅ ብቻ ያዙ፤ ሽማግሌ ክንድ እንደሚደገፍ ነው የደገፏቸው። ነፊዎቹ መጀመሪያ ዞር ብለው አዩአቸው፤ ከዚያ መዞራቸውን ተዉ። ዳይሬክተሩ የአባቱን አልጋ ይዞ ሲያለቅስ ቀና አለና በቅጠሉ መሐል አየኝ። ያንን አስተያየት ሠላሳ ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ።

የወላጆች ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው ከክፍል ስወጣ ዳይሬክተሩና ጋሽ ቶማ ግቢው ውስጥ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ቆመው አየኋቸው። ጋሽ ቶማ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፣ አንገታቸውን ደፍተዋል። ዳይሬክተሩ እጁን ትከሻቸው ላይ አድርጓል። የሚሉት አይሰማም። ከዚያ ጋሽ ቶማ ወደኔ መጡ።

«ዘኑ፣ ዘንድሮ ዳዊት ይነፋል። አንቺ ለከርሞ።»

«ለምን?»

ወደ ዳሞታ አዩ። ለዳዊት ጥሩ ሪድ እንዳዘጋጅለት ነገሩኝ። ለምን ብዬ ደገምኩ። ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ።

ቤት ገብቼ ሪዶቼን ዘረጋሁ። ለራሴ ያስቀመጥኳት አንዲት ነበረች፤ እንደ እሷ ያለች ከዚያ በፊትም በኋላም አልሠራሁም። ሌላም ነበረች፤ ስትታይ የምታምር፣ ነገር ግን በሆዷ በኩል በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያላት፤ ሲነፉባት ዘፈኑ መሐል ላይ ትሰነጠቃለች። አንዷን በአንድ እጄ፣ ሌላዋን በሌላው ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ስንጥቋን ብሰጠው ማንም አያውቅም። በመጨረሻ ጥሩዋን ወሰድኩለት። ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ስንጥቋን ብሰጠው በደሉን ተካፍለን እኩል እንሆን ነበር፤ ዛሬም ይህን ለመጻፍ አፍ አይኖረኝም ነበር።

በዕለቱ አባቴ የሰፋልኝን ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ከተመልካቹ መሐል ቆምኩ። ዳዊት ሁሉም የሚያውቀውን የሠርግ ዘፈን ነፋ። ጥሩ ነፋ። መሐል ላይ፣ የራስን መናገሪያ የሆነው ቦታ ሲደርስ ግን ምንም አላመጣም፤ ያንኑ ዜማ ደገመው። እኔ ለዚያ ቦታ ያዘጋጀሁት ነበረኝ። አሥራ ሰባት አጫጭር ድምፆች ናቸው፣ እንደ በር ማንኳኳት። በጥርሴ መሐል ለራሴ አልኩት። እናቴ ሰማችኝ መሰለኝ፣ እጄን ያዘችኝ። ሴት ልጅ ጥሩንባ አትነፋም ያለችው እናቴ፣ ጭብጨባው እስኪያልቅ አብራኝ ሳታጨበጭብ ቆመች።

ለከርሞ የተባለው አልመጣም። ክረምቱ ሲያልፍ ጋሽ ቶማ የሙዚቃ መምህራን ለማሠልጠን ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ፤ ሳክስፎኑም አብሮ ሄደ። በየጠዋቱ የምናገረው ነገር ስላልነበረኝ ሰፈሩ ዝም አለ። እኔም ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርቴን ተውኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አገኘኋቸው፤ አንድ ጊዜ ሠርጌ ላይ፣ አንድ ጊዜ የአባቴ ለቅሶ ላይ። ሁለቱም ጊዜ ነፉልኝ። ሁለቱም ጊዜ ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱም ጊዜ እንዴት ነሽ ዘኑ ብለው አለፉኝ።

ባለፈው ሳምንት መጽሔቱን ነጠላዬ ውስጥ አድርጌ ሄድኩ። አሁን ወደ ሶዶ ተመልሰው ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የፊት ጥርሶቻቸው ስለወለቁ መንፋት ትተዋል፤ ጣቶቻቸው ግን ጉልበታቸው ላይ ቁልፍ እየጫኑ ነው። ወዲያው አወቁኝ። ዘኑ፣ ዛሬ ሰው አልሞተም አይደል አሉኝ። አልሳቅሁም። አሥራ አንደኛውን ገጽ ከፍቼ ጭናቸው ላይ አደረግሁላቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ፤ አነበቡ፤ ብዙ ጊዜ አነበቡ።

«ጋሼ፣ የዛሬውን እንዴት ነሽ አልቀበልም» አልኳቸው። «ሴት ስለሆንኩ ነው?»

«አይደለም።»

«በዳይሬክተሩ አባት ለቅሶ ምክንያት ነው?»

ግራ ተጋቡ። የትኛው ለቅሶ አሉ። ነገርኳቸው። አስታወሱ፣ ያን ቀን ሳይላጩ የቀሩትን ጉንጭ በእጃቸው ዳሰሱ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሰውየው ያንን ከዚያ ቀን በኋላ አንስቶት እንደማያውቅ ነገሩኝ።

«እንግዲያው አስፈራርቶዎታል። ከሥራ አባርርሃለሁ ብሎዎት ይሆናል። ጽዱ ዛፍ ሥር አይቻችኋለሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ቆሙ። ሰበብ አዘጋጅቼላቸው ነው የሄድኩት፤ አንዱን እንዲያነሱልኝ ጠበቅኋቸው። አላነሱም።

«አላስፈራራኝም፣ ዘኑ። አንድ ጊዜ ነው የጠየቀኝ። ልጄ ቢነፋ ደስ ይለኛል አለኝ፤ በቃ። አይሆንም ብዬው ቢሆን ኖሮ ይሁን ብሎ ይሄድ ነበር። ተራው ያንቺ መሆኑን እያወቅሁ እሺ አልኩት።»